የአባቴ ተራ በታኅሣሥ ማርያም

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽን በቅጡ ሳታውቂው ልትቀብሪው ቸኮልሽ።»

ይህን ያሉኝ የነፍስ አባታችን መምሬ ገላው ናቸው፤ ጎንደር፣ በቤታችን ደጃፍ፣ እናቴ እየሰማች። እኔም ዝም አላልኩም። «አባ፣ እኔ ልቅበረው አላልኩም። የሞተ ሰው መሞቱ ይነገርለት ነው ያልኩት» አልኳቸው። እናቴ «አፍሽን ያዢ» አለችኝ። እስከ አሥረኛ ክፍል ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ አፍ መያዝን ግን ያስተማረኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ታከለ በበቅሎ እህልና ጨው የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። ጣሊያን ከጎንደር ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ወታደሮች መጡና ከነበቅሎዎቹ ስንቅ እንዲጭን ወሰዱት። እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ የማስታውሰው የኮርቻውን ሽታ ብቻ ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ ንጉሡ ተመለሱ፣ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ አባቴ አልመጣም። ሞተም ያለን የለም፣ አለም ያለን የለም። እናቴ አሥራ አምስት ዓመት በር ስትጠብቅ ኖረች። ዘመድ ጋ ሄዳ አታድርም። ሠርግ አትሄድም፤ ባሏ የት እንዳለ ሳታውቅ እንዴት ትጨፍር? ጥቁርም አትለብስም፤ ሳይሞት እንዴት ታሟርትበት?

እኔ ደግሞ ከገና በኋላ አዲስ አበባ ነርስነት እንድማር ተቀብለውኛል። እናቴን ይዤሽ ልሂድ ብላት «ሰውየው ቢመጣ ማን በር ይከፍትለታል?» አለች። ጥያት ልሂድ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ቆረጥኩ፦ አዲ አርቃይ አጠገብ ወዳለችው የአባቴ ታላቅ እህት ዘንድ ሄጄ ተዝካሩ እንዲወጣ አስፈቅዳለሁ። ያለ እህቱ ቃል ተዝካር አይወጣም፤ ከወጣ ግን እናቴ ከበሩ ትለቀቃለች፣ እኔም እሄዳለሁ። መምሬ ገላውን ያስቆጣቸው ይህ ነው። እናቴ ግን፣ አክስቴን ልጠይቅ ነው የምሄደው ብዬ ስላለዘብኩት፣ ዳቦ ቆሎ ቆላችልኝ።

ሐሙስ

ቆርቆሮና ስኳር የጫነች አሮጌ የጭነት ማኪና ነበረች። ሹፌሩ አያ ካሴ ይባላሉ፤ ጠጉራቸው ሸብቷል፣ መንዳት የለመዱት ከጣሊያን ነው፣ ሲናደዱም በጣሊያንኛ ነው የሚሳደቡት። ጭነቱ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮው ላይ ተመቻችቼ ነበር። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ ከታች። «የታከለ። የበቅሎ ነጋዴው የታከለ።»

አያ ካሴ ጥቂት ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ጋቢና ውስጥ ተደላድሎ የተቀመጠውን የጨርቅ ነጋዴ «ውጣ» አሉት።

«ምነው አያ ካሴ! ጎሕ ሳይቀድ የያዝኩት ቦታ እኮ ነው!»

«ውጣ ብዬሃለሁ። ለዚች ልጅ ይገባታል።»

ነጋዴው ቦርሳውን ታቅፎ ወደ ቆርቆሮው ወጣ፤ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ድረስም ጣሪያውን በእግሩ እየደበደበ ብሶቱን ነገረን። እኔ እንግዲህ ለመማሬ የተሰጠኝ ክብር መስሎኝ ኮራሁ። ይህን አሁን ስጽፈው አፍራለሁ።

ጎንደር ላይ ብርድ ማለት የጠዋት ነገር ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ፒያሳ ላይ ስትቆም ያልፋል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ግን ብርዱ ባለቤት ነው፣ ፀሐይዋ እንግዳ። ጉሙ መንገዱን ውጦት አያ ካሴ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ነው የነዱት። እየነዱም ስለ ዓለም ያወራሉ። ከተማ ላይ ያለው ሬዲዮን ያንን ሰሞን ጦርነት ጦርነት እንጂ ሌላ አያወራም ነበር።

«ግብጽ ላይ ቦይ ዘጉ አሉ። እዚያ መርከብ ቆመ፣ እዚህ የኔ ማኪና ተጠማች። ቤንዚን በጠርሙስ እንደ ጠበል ሆነ እኮ! ስምንተኛው ሺህ ማለት ይኸው ነው።»

«አያ ካሴ፣ ስምንተኛው ሺህ ከጀመረ ስንት ጊዜው? ዓለም ግን አላለቀች።»

«አላለቀችም። እሷም እንደ ማኪናዬ ናት፤ አለቀላት ስትዪ ትነሣለች።»

ሰባት ሰዓት ሲሆን ራበኝና ከቋጠሮዬ ዳቦ ቆሎ አወጣሁ። የነቢያት ጾም ነው፤ ሰው እስከ ዘጠኝ ይቆያል። አያ ካሴ የማኘኬን ድምፅ ሲሰሙ ዞር አሉ።

«ጾም አይደለም እንዴ?»

«መንገደኛ ነኝ።»

«ማርያምም በዚሁ ሰሞን መንገደኛ ነበረች» አሉና ወደ መንገዱ ዞሩ። ዳቦ ቆሎው አፌ ውስጥ እንጨት ሆነ። ቢሆንም ጨረስኩት፤ ጀምሬው ነበር።

ደባርቅ የገባነው ወደ ማታ ነው። ያረፍንበት ቤት የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረቡልን፤ የጎንደር ጤፍ ለለመደ ሰው የገብስ እንጀራ መጀመሪያ ይሻክራል፣ ከዚያ ሆድን ያዝ ያደርጋል፣ ከዚያ ጨምሩልኝ ያሰኛል። መደቡ ላይ የበግ አጎዛ አንጥፈው አስተኙኝ። ሞቆኛል። ቁንጫውም ሞቆት ነበር።

ዓርብ፣ ገብርኤል

ከደባርቅ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ፣ ወልቀፊት ላይ፣ መሬቱ አለቀ። ሌላ እንዴት እንደምለው አላውቅም። ደጋው እንደ ዳቦ ተቆርሶ ቀርቷል፤ ከታች ሌላ አገር ይታያል፣ ሰማያዊ፣ ተራራ በተራራ ላይ። ገና ቁልቁለቱን ሳንጀምር አያ ካሴ ማኪናዋን አቆሙ። ከመንገዱ ዳር ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ክምር ነበረ። ባርኔጣቸውን አወለቁና አንድ ድንጋይ አንሥተው ጨመሩበት።

«አንቺም ጨምሪ» አሉኝ።

«ምንድን ነው?»

«የመንገደኛ ድንጋይ ነው። ጨምሪ።»

«እኔ እንዲህ ባለ ነገር አላምንም» አልኩ ከጋቢናው ሳልወርድ። አያ ካሴ አልተቆጡም። ሌላ ድንጋይ አነሡና «እንግዲያው ስለሷ» ብለው አስቀመጡት። ነጋዴው እንኳ ከቆርቆሮው ወርዶ አንድ ጣለ። እኔ ሰዓት ሄደ እያልኩ ነበር።

ሊማሊሞን ላላያችሁት፦ መንገዱ ገደሉን እንደ ተጣለ መቀነት እየተጠማዘዘ ይወርዳል። በያንዳንዱ መዞሪያ የማኪናዋ አፍንጫ አየር ላይ ወጥቶ ይመለሳል። ሴቶቻችን ጎንደር ላይ «ራሴን አዞረኝ» የሚሉት ለትንሽ ነገር ነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ፤ ፍሬኑ ግሎ መያዝ አቃተው። አያ ካሴ ማኪናዋን ወደ ተራራው አስጠጉና በድንጋይ አስደገፏት። ነጋዴው ድንጋዩን ከጎማው ሥር እየወተፈ «ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ አይወርድም?» አለኝ። ወርጄ ወተፍኩ። ጫማዬ ተረከዙ ወለቀ። ነጋዴው ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው፤ ከዚያ ወዲያ ወዳጆች ሆንን።

ፍሬኑ እየቀዘቀዘ እየጋለ፣ እየቆምን እየሄድን ድብ ባሕር ስንደርስ አያ ካሴ «ገብርኤል አወረደን፣ እዚሁ እናድራለን» አሉ። ያሳደሩኝ እማ ዘነቡ የሚባሉ ባልቴት ናቸው፤ ቤታቸው ለአላፊ አግዳሚ ክፍት ነው። አያ ካሴ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር አሏቸው። ባልቴቷ ውሃ አሙቀው መጡና ተንበርክከው እግሬን ይዘው ማጠብ ጀመሩ።

«እማ ዘነቡ፣ ተዉ! እኔ ልታጠብ፣ ልጅዎ ነኝ እኮ።»

«ልጅ ከሆንሽ ዝም በይ።»

ጎንደር ላይ እንግዳ እጁን ያስታጥቡታል። ሳሙናና ሳህን ይሰጡታል። እግር አጥቦ እግር መሳም የአያቶቻችን ወሬ ነው። እዚህ ግን ተረከዜ የተላጠበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ያጥባሉ፤ ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«ምነው?» አልኳቸው።

«ጭሱ ነው።»

እሳቱ ከጠፋ ቆይቷል። ውሃውን ያሞቁት ጎረቤት ነበር። ይህንን አስተውያለሁ፤ ግን የባልቴት ዓይን በነገር ሁሉ ያለቅሳል ብዬ ተውኩት። «እናትሽ ጤናዋ እንዴት ነው? ልቧስ?» አሉኝ። ደህና ናት አልኩ። ጥቂት ቆይተው ደግመው ጠየቁኝ። የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። እኔም ለእንግዳ የሚሞት አገር ነው ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩ። ጻፍኩ እንጂ አልገባኝም ነበር።

ቅዳሜ

ከደጋው ወርዶ አዲ አርቃይ መግባት ካፖርት አውልቆ ምድጃ ዳር እንደ መቀመጥ ነው። ትናንት የተንቀጠቀጥኩበትን ጋቢ አውልቄ ቋጠሮ አደረግሁት። አያ ካሴ ከመንገዱ ዳር አወረዱኝና «ሰኞ ጠዋት እመለሳለሁ፣ እዚሁ ጠብቂኝ» አሉኝ። «ብቻሽን ላትሆኚ ትችያለሽ» ብለው ደግሞ ጨመሩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሳልጠይቅ ሄዱ።

የአክስቴ መንደር ከከተማው የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ተረከዝ በሌለው ጫማ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። አክስቴ እታገኝን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት፤ ጎንደር ስትመጣ እናቴን አቅፋ አልቅሳ አልቅሳ በማግሥቱ ትመለስ ነበር። ረጅም ናት፣ መዳፏ ሰፊ ነው። ግቢው ውስጥ ሴቶች ተሰብስበው ዳቦ ይደፋሉ፣ ጠላ ያጠልላሉ፣ ተልባ ይወቅጣሉ። ስታየኝ የያዘችውን ወንፊት ጣለችው።

«ትርንጎ? ምን ሆናችሁ? እናትሽ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«የኔ ሸጋ! ታዲያ እንዲህ ታስደነግጪኛለሽ?» ብላ ጉንጬን አገላብጣ ሳመችኝ፤ ከዚያ ሌሎቹም ተራ በተራ ሳሙኝ። ሁሉም ያውቁኛል። እኔ አንዳቸውንም አላውቅም።

ድግሱ የማን እንደሆነ ጠየቅሁ። ነገ የማርያም ማኅበር ነው አሉኝ፤ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ በየወሩ በሃያ አንድ ማርያምን እየዘከሩ ተራ በተራ ይደግሳሉ፣ ባለተራው ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል። ይኼማ ጎንደርም አለ።

«የታኅሣሥ ተራ የአንቺ ነው?» አልኩ አክስቴን።

«የአባትሽ ነው» አለች ዳቦውን እየሸፈነች። «እኔ ነኝ የምደግስለት።»

አሥራ አምስት ዓመት! እናቴ በጎንደር በር ትጠብቃለች፣ እነዚህ ደግሞ እዚህ ጠላ ጠምቀው ተራውን ይጠብቁለታል። ያገሩ ሰው በሙሉ በአንድ በሽታ የታመመ መሰለኝ። ተስፋ የሚሉትን ነገር የዚያን ቀን እንደጠላሁት ጠልቼው አላውቅም። «አክስቴ፣ ስለ አባቴ የምነግርሽ ነገር አለኝ» አልኳት።

«ከማኅበሩ በኋላ።»

«አሁን ነው።»

«ልጄ፣ እጄ ሊጥ ነው» አለች። እጇ ንጹሕ ነበር።

እሑድ፣ ኖላዊ፣ ማርያም

ዘንድሮ ማርያም ከኖላዊ እሑድ ጋር ገጠመች። ከገና በፊት ያሉትን ሦስቱን እሑዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ እንላቸዋለን፤ ኖላዊ እረኛ ማለት ነው፣ የጠፋውን በግ የሚፈልገው። ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ቄስ አለነ አጭር ነገር ተናገሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ ያስላቸዋል። «ነቢያት ይመጣል ያሉትን ሳያዩ ሞቱ። ግን ውሸት አልጠበቁም። መጣ» አሉና ሳሉ፣ ከዚያ ስለ አጥር ሥራ አሳሰቡ። ጎንደር ቢሆን ሰባኪው አንድ ሰዓት ይቆም ነበር።

ማኅበሩ በአክስቴ ቤት ተቀመጠ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መሶብ አጠገብ ተቀምጧል። የማኅበሩ አለቃ ሙሴ ይባላል፤ የዚህ ማኅበር ሙሴ አያ ድረስ ናቸው፣ አንድ እግራቸውን የሚጎትቱ ቀጭን ሰው። ቄስ አለነ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦው ተቆረሰ። አያ ድረስ ብድግ አሉና «የታኅሣሥ ባለተራ ወንድማችን ታከለ ነው፤ እግዜር የደገሰለትን እጅ ይባርክ» አሉ። ሁሉም አሜን አሉ።

አፌን ልይዘው ሞክሬ ነበር። እውነቴን ነው።

«ምን አሜን ነው?» ብዬ ተነሣሁ። «አይመጣም! አሥራ አምስት ዓመት ያልመጣ ሰው አይመጣም። ተራውን ትጠብቁለታላችሁ፣ እናቴ በሩን ትጠብቅለታለች። እሷ እየደረቀች ነው፣ ታውቃላችሁ? ሞቷል በሉና ተዝካሩን አውጡለት። እኔ ደግሞ የምሄድበት አለኝ!»

ማንም አልጮኸብኝም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። አያ ድረስ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ያ እግራቸው አልታጠፍ ብሎ በእጃቸው አጠፉት።

«አልሞተም ያለሽ ማነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

አልገባኝም። አክስቴን አየሁ። መሬት መሬት ታያለች።

«እኔና አባትሽ አብረን ነው የተያዝን» አሉ አያ ድረስ። «ወልቀፊት ላይ ስንቅ አስጫኑን። ከላይ አውሮፕላን፣ ከታች መድፍ። የማን እንደመታው አላውቅም፤ የኔንም እግር የማን እንደመታው አላውቅም። በማግሥቱ አረፈ። ቆፍሬ የቀበርኩት እኔ ነኝ፣ በአንድ እግሬ። ድንጋይ ከመርኩበት። እስካሁንም መንገደኛ ይጨምርበታል።»

ነጋዴው ከቆርቆሮው ወርዶ ድንጋይ ሲጥል ታየኝ። አያ ካሴ «እንግዲያው ስለሷ» ሲሉ ተሰማኝ። የእማ ዘነቡም እጅ እግሬ ላይ ነበረ። አገር ሙሉ ያውቅ ነበር። ከጎንደር በር እስከዚህ ድረስ የተቀመጥኩበት ጋቢና፣ የታጠብኩበት ውሃ፣ የተኛሁበት አልጋ፣ ሁሉም ለአባቴ የተደረሰ ለቅሶ ነበር፤ እኔ ለትምህርቴ መስሎኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?» ብዬ ጮኽኩ።

አክስቴ ናት የመለሰችው። «እናትሽ አራስ ነበረች። ወንድምሽን በወለደች በሁለተኛ ሳምንቷ። ለአራስ መርዶ አይነገርም፣ ወተቷ ይደርቃል። ለመምሬ ገላው ላክሁባቸው። ‹ከአራስነት ትነሣና› አሉ። ከአራስነት ስትነሣ ሕፃኑ ሞተ። በኀዘን ላይ ኀዘን እንዴት ይጨመራል? ‹ትንሽ ይበርድላት› አልን። ከዚያ ፋሲካ ደረሰ፣ ‹በዓሉ ይለፍ›። ከዚያ ክረምት። እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ምን ብለን? ‹እስከዛሬስ?› ብትለን? ጎንደር ሄጄ አቅፋኝ ስታለቅስ ከአፌ ሊወጣ ያልደረሰበት ቀን የለም፤ ግን አልወጣም። ፍትሐቱን እዚሁ በድብቅ አስደረግሁ። ተራውን ለሌላ ብንሰጥ ወሬው ጎንደር ይደርሳል ብለን በስሙ ያዝንለት። ያው ነው። ሌላ ምክንያት የለንም።»

የምሰድባቸው ስድብ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። አንድ አገር ሙሉ ሰው ልቡ ራርቶ እናቴን በርኅራኄ አሥራ አምስት ዓመት አሰራት፤ በዚህ ማንን ይሰድቡታል?

ቄስ አለነ ሳል ይዟቸው ስለነበር ቆይተው ነው የተናገሩት። «የኔም ጥፋት ነው። ነቢያት የጾሙት ለሚመጣው ነበር። እኛ ግን ያቺን ሴት ለማይመጣ አስጾምናት። ታከለን የሚያስነሣው ጌታ ነው፤ ታከለ ራሱ በዚያች በር አንኳኩቶ አይገባም። በመጨረሻው ቀን የሚመጣውን ትጠብቅ እንጂ ማታ ይመጣል ብላ አትጠብቅ። ተስፋዋን ሰርቀን ሌላ ሰጠናት።»

«እንግዲህ ገና ይለፍና…» አለ አንዱ ከግድግዳው ሥር።

«አይለፍ!» አልኩ። «በዓል ይለፍ ስትሉ አሥራ አምስት ገና አለፈ።»

ሰውየው «ምነው ልጄ፣ ሳምንት እኮ ነው የቀረው! በገና ዋዜማ ማቅ ይለበሳል?» አለ።

ቄስ አለነ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጌታ የተወለደው ሰው ሁሉ ደስ ባለው ሰሞን መሰለህ? ሄሮድስ ሕፃን በሚያርድበት፣ እናት በምታለቅስበት ሰሞን ነው። ያለቀሰች ሴት ገናን ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች። ልጂቱ እውነቷን ነው።»

አያ ድረስ «በጎሕ ነው የሚነገር፣ በሽማግሌ» አሉ። «አንቺ ግን አትነግሪያትም፣ እሺ? ልጅ ለእናቱ መርዶ አይናገርም። ደግሞ አንደበትሽን አይተነዋል።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ተሰማ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። እሳቸውና አክስቴ አብረውኝ እንዲሄዱ ተቆረጠ፤ ጎንደር መምሬ ገላውን ይዘው በጎሕ በሩን ሊያንኳኩ።

አያ ድረስ ጽዋውን ለጥር ባለተራ ከማስረከባቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ። «የአባት ቦታ የልጅ ነው። ከእንግዲህ ታኅሣሥ ማርያም የትርንጎ ተራ ናት። ከርሞ ትመጫለሽ?»

«እኔ ጠላ መጥመቅ አላውቅም» አልኩ።

«ነርስ ልትሆኚ ነው አላልሽም? ደም የማትፈሪ ልጅ ጌሾ ትፈሪያለሽ?» አለች አንዷ።

«አዲስ አበባ ነው የምሆነው። ሩቅ ነው።»

«ሩቅ ነው» አሉ አያ ድረስ። «ትመጫለሽ ወይ?»

እመጣለሁ አልኩ። «ከርሞ ያድርሰን» አሉ ሁሉም። ዳቦውንም ሰጡኝ፤ አባቴ ጥሎት በሄደው ቦታ ተቀምጬ በላሁ። ከቤታችን ዳቦ ጨው ይበዛበታል።

ሰኞ

አክስቴ ማኪና ወጥታ አታውቅም፤ ጎንደር የመጣችው ሁለቱንም ጊዜ በእግሯ ነው። አያ ካሴ ገና ሲያዩን ከጋቢናው ወረዱና ማንንም ሳይጠይቁ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ነጋዴው ተመላሽ ነበር፤ በራሱ ፈቃድ ወደ ጭነቱ ወጣና አያ ድረስን በእጁ ስቦ አወጣቸው። አክስቴን በእኔና በአያ ካሴ መሀል አስቀመጥናት። ለእናቴ የተላከውን የማኅበር ዳቦ በጭኗ ይዛ፣ ሊማሊሞን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና «እመብርሃን፣ እመብርሃን» ስትል ወጣን። በያንዳንዱ መዞሪያ ክንዴን ጨምቃ እስካሁን እንደበለዘ ነው።

«ይህን እያየሽ ነው የመጣሽ?» አለችኝ አንድ ጊዜ፣ ዓይኗን ሳትከፍት።

«እያየሁ።»

«ያባትሽ ልጅ ነሽ።»

ወልቀፊት አናት ላይ አያ ካሴ ማኪናዋን አቆሙ። ንፋስ ነበር። አያ ድረስ ከጭነቱ ላይ ወርደው እግራቸውን እየጎተቱ ክምሩ አጠገብ ሄዱና የአባቴ ራስ በየትኛው በኩል እንዳለ አሳዩኝ፤ በምሥራቅ በኩል ጌታ ሲመጣ ፊቱን እንዲያይ አድርገው እንደቀበሩት። አክስቴ ተንበርክካ ድንጋዩን ሳመች፤ ከዳቦው ጥግ ቆረሰችና ለነጋዴውም ለአያ ካሴም ለሁላችንም ሰጠች።

እኔ ከመንገዱ ማዶ ሄጄ ድንጋይ ፈለግሁ። ትንንሾቹን ሁሉ ሰው ጨርሷቸዋል። አንድ ትልቅ አገኘሁ፣ በሁለት እጄ ታቅፌ መጣሁና ከላይ አስቀመጥኩት። ተንከባለለ። አያ ድረስ ከሥሩ ጠጠር አስገቡልኝ፤ ቆመ።

አያ ካሴ ክላክሱን ነፉ። ወጣን፤ አክስቴ ዳቦውን በጭኗ ላይ አስተካከለች፤ ማኪናዋ ወደ ደባርቅ ዞረች።